መናፈሻው ተሠራ፤ ዓመቱን ማን ይሸፍነዋል? የጎንደር የመናፈሻ፣ የመዝናኛና የባህል አገልግሎት ከሐምሌ እስከ ሰኔ

በጎንደር ስለ መናፈሻ የሚነሣው ክርክር በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞቃል። አንዱ ክረምት ሲገባ፣ ችግኝ ተከላው ሲጀመርና የበጀት ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ ነው። ሁለተኛው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በክረምት የተተከለው ሲጠወልግ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የሚሰማው ቁጥር ነው፦ ይህን ያህል ችግኝ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ ይህን ያህል መብራት። በሁለተኛው ጊዜ የሚሰማው ደግሞ «ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ለምን ደረቀ?» የሚል ጥያቄ ነው።

የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ክርክሩን አበርትቶታል። ኮሪደር ሲባል በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የእግረኛ መንገዱን፣ መብራቱን፣ የፍሳሽ መስመሩን፣ አረንጓዴ ቦታውንና የሕንፃዎቹን ገጽታ በአንድ ላይ የሚያድስ ሥራ ማለት ነው። በጎንደር ይህ ሥራ ከአብያተ መንግሥታቱ ጥገና ጋር ጎን ለጎን መሄዱ ከተማዋን ከሌሎች ይለያታል። ደጋፊዎቹ ሕዝብ የሚቀመጥበትና ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ተገኘ ይላሉ። ተቺዎቹ ቤት ለፈረሰበት፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅና በጸጥታ ችግር ሥራው ለተቀዛቀዘበት ነዋሪ ይህ ቀዳሚ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው የሚከራከሩት ስለ ግንባታው ነው። የአገልግሎቱን ዕጣ የሚወስነው ግን ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ያሉት አሥራ ሁለት ወራት ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚነገረው ጥቂት ነው።

ሁለት በጀት፣ አንድ ሣር

የመንግሥት በጀት በካፒታልና በመደበኛ ይከፈላል። የካፒታል በጀት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ይገነባል፦ ንጣፍ፣ አጥር፣ ፏፏቴ፣ አዳራሽ። መደበኛ በጀት የሚሠራውን ሰውና ሥራውን በየወሩ ያኖራል። ከመደበኛው ላይ ደመወዝ ሲነሣ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ ነዳጅ፣ የውኃ ቱቦ፣ አምፖል፣ ማጭድ፣ የመጸዳጃ ቤት ሳሙና ከዚህ ይገዛሉ።

መናፈሻ በካፒታል ተወልዶ በሥራ ማስኬጃ ያድጋል። ችግሩ የሚጀምረው አዲስ መናፈሻ ሲመረቅ ካፒታሉ ሲዘጋና በቀጣዩ ዓመት የሥራ ማስኬጃው መስመር ሳያድግ ሲቀር ነው። በዘርፉ የተለመደው መነሻ ግምት ለዓመታዊ ጥገና ከግንባታው ወጪ ከ2 እስከ 5 በመቶ መያዝ ነው። 100 ሚሊዮን ብር የወጣበት ቦታ በየዓመቱ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ካልተያዘ አትክልተኛው አይባረርም፤ ደመወዙ ይከፈለዋል፣ ግን የሚያጠጣበት ቱቦም ነዳጅም አይኖረውም። ሠራተኛ እያለ ሥራ የማይኖርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የቀን መቁጠሪያውም አያግዝም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ዝናብ ናቸው፤ ማጠጣት አያስፈልግም። ማጠጣቱ ከኅዳር ይጀምርና የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጫፍ ይደርሳል። የነዳጅ በጀት ለአሥራ ሁለት ወር እኩል ሲከፋፈል የክረምቱ ድርሻ ለሌላ ተሽከርካሪና ለሌላ ሥራ ይውልና መሬቱ በጣም በሚደርቅበት ወቅት ቦቴው ይቆማል። መፍትሔው ተጨማሪ ብር እንኳ ሳይጠይቅ የወር ድልድሉን መቀየር ነው፦ ለሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የማጠጫ ነዳጅ አለመመደብ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ላለው ጊዜ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ማቆየት። ግዥም እንዲሁ ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ዕቃ እስኪገባ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ለኅዳር የሚፈለግ ፓምፕ በሐምሌ ካልተጠየቀ ጥር ላይ ይደርሳል።

ክረምት፦ መትከል ቀላሉ ክፍል ነው

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዓመቱ ዝናቧ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይጥላል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የተተከለ ነገር ሁሉ ለሁለት ወር ያምራል። ሪፖርቱም በዚህ ጊዜ ስለሚጻፍ ያማረውን ያያል።

ለሕዝብ ቦታ የሚተከል ዛፍ ጉድጓዱ ቢያንስ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 60 ሆኖ ከዝናቡ በፊት፣ በግንቦት ቢቆፈር ይመረጣል። የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይወጣል፤ የላዩ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ መጀመሪያ ይመለሳል። የችግኙ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። ተከላው በዘመቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነው፤ ፕላስቲኩ ያልወለቀለት ችግኝ ሥሩ ዞሮ ይታነቅና በሁለተኛው ዓመት፣ ምክንያቱ ለማንም ሳይታይ ይሞታል። በመስከረም አጋማሽ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ መጎዝጎዝ የበጋውን የውኃ ፍላጎት በሚታይ መጠን ይቀንሳል። ግንዱን ራሱን መንካት ግን የለበትም፣ ያበሰብሰዋል።

የአፈሩ ነገር በከተማው ውስጥ አንድ አይደለም። ወደ አዘዞ ሲወረድ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የተነጠፈ የእግረኛ ድንጋይ ከሥሩ በቂ ጠጠር ካልተደላደለለት ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ይወዛወዛል፤ ከሁለተኛው በኋላ እግር ያደናቅፋል። ይህን የጥራት ጉድለት ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይሆንም። በዋልካ ላይ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ንጣፉን ነቅሎ መልሶ ማስተካከል እንደ መደበኛ ሥራ መታቀድ አለበት።

በጋ፦ የውኃው ሒሳብ

ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። በበጋ ፀሐይ የሚመታው ሣር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ያጣል። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን 4 ሊትር ይፈልጋል። አንድ ሄክታር ሲሆን 40,000 ሊትር፣ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በየቀኑ አራት ጊዜ ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 2,000 ጀሪካን ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ የ800 ሰው ውኃ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ሰባት ወራት ድምሩ ከ8,000 ሜትር ኪዩብ ይበልጣል።

ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ የመያዝ አቅሙ መቀነሱ፣ የመገጭ ግድብ ግንባታም ዓመታት መፍጀቱ በከተማው የሚታወቅ ነው። ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ቦቴ ሣር ሲያጠጣ ሲያይ ቢበሳጭ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ላይ ሁለት አቋም አለ። አንዱ የመጠጥ ውኃ ሳይሟላ ለመናፈሻ ጠብታ አይገባም ይላል። ሌላው የተተከለውን አድርቆ በቀጣዩ ክረምት እንደገና መትከል ድርብ ወጪ ነው፣ ያለ ጥላና ያለ አረንጓዴም ከተማ አይኖርም ይላል። ሁለቱም ትክክል የያዙት ነገር አለ። ነገር ግን ክርክሩ «ይጠጣ ወይስ አይጠጣ» ላይ ሲቆም ዋናው ጥያቄ፣ ምን ተተከለ የሚለው፣ ያመልጣል።

አንድ ለጋ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ሊትር ቢያገኝ ይበቃዋል። 1,000 ዛፍ በሳምንት 30,000 ሊትር፣ ሦስት ቦቴ ይፈልጋል። በ5 ሜትር ርቀት ቢተከሉ እነዚህ 1,000 ዛፎች ሁለት ሄክታር ተኩል ያለብሳሉ። ያው አንድ ሄክታር ሣር ብቻውን በሳምንት 28 ቦቴ ይጠጣል። ከሁለተኛው በጋ በኋላ ዛፉ ራሱን ሲችል ሣሩ ግን ለዘላለም ይጠይቃል። በውኃ ለተቸገረ ከተማ ሰፊ የሣር ምንጣፍ መዘርጋት፣ በፎቶ ቢያምርም፣ ሊከላከሉለት የሚከብድ ምርጫ ነው። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራርና ጽድ አገሩን ያውቁታል። ሣር የግድ ሲሆን ሰርዶ ከውጭ ከሚመጣው ምንጣፍ ሣር ይልቅ ድርቅ ይችላል፤ በጋ ላይ ቢገረጣም ሥሩ አይሞትም፣ ዝናብ ሲነካው ይመለሳል። የገረጣ ሰርዶ እንደ ውድቀት የሚታይበት ዓይን መታረም ይኖርበታል።

የአጠጣጡ መንገድም ሒሳቡን ይለውጠዋል። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይስባል፤ ቦቴው ሁለት ቀን ሲቀር ተክሉ ይወድቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይወስደዋል። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ 2፣ ወይም ከቀኑ 11 በኋላ ቢሆን ከሚረጨው ብዙው ለተክሉ ይደርሳል፤ ስድስት ሰዓት ላይ የተረጨው ግን አንድ ክፍሉ ሥር ሳይደርስ ይተናል። ከቦቴ በወፍራም ቱቦ በኃይል መልቀቅ ደግሞ አፈሩን አጥቦ ሥር ያወጣል፣ ሲደርቅም ላዩ እንደ ሸክላ ይጠነክርና ቀጣዩ ውኃ ዘልቆ አይገባም። የቱቦው ጫፍ ላይ መርጫ ማሰር ትንሽ ወጪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ሰው ሠራሽ ፏፏቴዎች ላይ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ውኃው ተመላልሶ የሚዞር ስለሆነ ፍጆታቸው ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ የሚጎድለው በትነትና በነፋስ የሚበተነው ነው። የሚበላሹት በፓምፕ ነው። የገንዳው ውኃ ሲወርድ ፓምፑ ባዶውን ይዞርና ይቃጠላል፤ ይህን የሚከላከለው ውኃ ሲጎድል ራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው፣ ዋጋውም ከፓምፑ ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ሁለተኛው ገዳይ ነው።

ጥምቀት፦ የዓመቱ ሥራ በሦስት ቀን ሲፈተን

ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ጥር 11 በዓሉ በሚከበርበት በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፤ የተጎዳው ከ100 ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥምቀት ዝግጅት መናገር ስለ ውበት ብቻ መናገር ሊሆን አይችልም።

ገንዳው 50 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚሞላው ከቃሃ ወንዝ በሚመጣ ቦይ ነው። ውኃው በአንድ ሜትር ከፍ እንዲል 1,500 ሜትር ኪዩብ፣ በቦቴ ቢሆን 150 ምልልስ ይጠይቃል። ወንዙ ከኅዳር በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ ቦዩ በጥቅምትና በኅዳር ካልተጠረገ ታኅሣሥ ላይ ጥድፊያ ይሆናል። ቦዩን የሚዘጋው ክረምት ያመጣው ደለል፣ ቅጠልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ከበዓሉ በኋላ የሚለቀቀው ውኃ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታው አንድ ሄክታር ሣር ለ37 ቀን ማጠጣት ይችላል፤ የሚለቀቀውም ልክ ማጠጣቱ በሚከብድበት ወቅት ነው። ይሁንና የተባረከ ውኃ ስለሆነ ለምን ይዋል የሚለው የመሐንዲስ ውሳኔ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተነጋግሮ ዛፍ ላይ እንዲውል መስማማት ይቻል እንደሆነ መጠየቁ ግን ምንም አይጎዳም።

ጊዜያዊ መቀመጫን በተመለከተ ዋናው ስሕተት ክብደትን ብቻ ማሰብ ነው። ሰው ተጠጋግቶ ለሚቆምበት መድረክ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ይታሰባል። ግን ብዙ መቀመጫ የሚወድቀው ወደ ጎን ነው፦ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲነሣ፣ ሲያሸበሽብ፣ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የጎን ግፊት ይፈጠራል። ቋሚው ምሰሶ ጠንካራ ሆኖ ሰያፍ ማያያዣ ከሌለው ሁሉም በአንድ ላይ ይጋደማል። የባሕር ዛፍ አጣና በምስማር ሲያያዝ ሌላ ድክመት ያመጣል፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል፣ ምስማሩም ይላላል። ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተሠራ መቀመጫ ጥር 11 ላይ እንደ ተሠራበት ቀን አይሆንም። በብሎን የሚያያዝ የብረት መቀመጫ፣ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ተደርጎለት፣ በበዓሉ ዋዜማ በመሐንዲስ ተፈትሾ ስንት ሰው እንደሚይዝ በላዩ ተጽፎ ከሆነ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። የሚይዘውን ቁጥር መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚከለክል ሰው ሥሩ መቆም አለበት።

የመጨናነቅ ልክም ይታወቃል። ቆሞ የሚጠብቅ ሕዝብ በካሬ ሜትር እስከ 4 ሰው ሲሆን መንቀሳቀስ ይችላል፤ ከ5 ሲያልፍ ግፊቱ ከሰው ቁጥጥር ይወጣል። መውጫን ደግሞ ስፋቱ ይወስነዋል። በደልዳላ መሬት በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 80 ሰው ገደማ ያልፋል። 2 ሜትር ተኩል የሆነ በር በደቂቃ 200 ሰው ያወጣል፤ ውስጥ 5,000 ሰው ቢኖር ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በሩ ላይ ሻማና ጧፍ ሻጭ፣ ባጃጅና የቆመ መኪና ካለ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የበሩ አካባቢ ከውስጡ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው።

መጸዳጃ ቤት የሚታሰበው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ለሕዝብ ትዕይንት በሚሠራባቸው መመሪያዎች ለ100 ሴት 1 መቀመጫ መነሻ ነው። 10,000 ሴት ምእመን ለሚገኝበት ቦታ 100 መቀመጫ ማለት ነው። ነጭ ለብሳ ከሌሊት ጀምራ ለቆመች እናት ይህ ከመድረክ ጌጥ የሚበልጥ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት አያሻም።

ቅርሱና መናፈሻው በአንድ ግቢ

ጎንደር ላይ ትልቁ አረንጓዴ ግቢ ራሱ ቅርስ ነው። የፋሲል ግቢ 7 ሄክታር ገደማ ሲሆን 900 ሜትር የሚደርስ ቅጥር አለው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መዋኛው፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ከከተማው ውጭ ያሉ ሥፍራዎችም አብረው ገብተዋል። ከዚህ የተነሣ «ማንን ልጠይቅ?» የሚለው የነዋሪው ግራ መጋባት መሠረት አለው። ቅርሱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ነው፤ ጥገናውም ያለ ፌዴራሉ የቅርስ ተቋም ፈቃድ አይነካም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ጎዳና የከተማው የጽዳትና ውበት ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም የቤተ ክርስቲያን ናቸው። በዓሉን የከተማው ባህልና ቱሪዝም ያስተባብራል፣ ጸጥታውን ሌላ አካል። አንድ ቧንቧ ቢፈነዳ ውኃው በሦስት መሥሪያ ቤት ወሰን ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ቴክኒካዊ ግጭቱ ከአስተዳደሩ የባሰ ነው። ግንቦቹ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። ኖራ እርጥበትን ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጨው በድንጋዩ ገጽ ሥር ይከማችና ልጣጩን ይገፋል። በዚህ ላይ ከግድግዳው ሥር ሣር ተዘርግቶ በየቀኑ ሲጠጣ መሠረቱ የማያቋርጥ እርጥበት ያገኛል። ስለዚህ ከግድግዳው ቢያንስ ጥቂት ሜትር ድረስ ሣርም የአበባ መደብም ባይኖር፣ ጠጠር ተነጥፎ ውኃው ከግንቡ ርቆ እንዲፈስ ተዳፋት ቢሰጠው ይሻላል። ደረቅ ጠጠር ከአረንጓዴ ምንጣፍ ያነሰ ይማርካል፤ ለግንቡ ግን ደግ ነው።

ዛፍ ሌላ ጣጣ አለው። ዋርካና ሾላ በወፍ ዘር ቅጥር ላይ ይበቅላሉ። ጣት በሚያህልበት ጊዜ መንቀል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክንድ ካከለ በኋላ ግን መንቀሉ ራሱ ግንቡን ያፈርሳል። በፋሲለደስ መዋኛ ቅጥር ላይ ያለው የሥር ጥልፍልፍ ዛሬ የቦታው መልክ ሆኗል፤ ዛፉም ግንቡም አንዱ ሌላውን ይዞ ቆሟል፣ ስለዚህ የሚደረገው ቅርንጫፉን አቅልሎ መከታተል ብቻ ነው። በሌሎቹ ግንቦች ላይ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥቅምትና ሰኔ፣ ቅጥሩን ዞሮ ቡቃያ መንቀል ከማንኛውም ትልቅ ጥገና ይልቅ በብዙ ይረክሳል።

መድረኩና ሜዳው

የባህል አገልግሎቱ ከጥምቀት በፊት ይፈላል፣ ከጥምቀት በኋላ ይቀዘቅዛል። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ፋሲለደስ የኪነት ቡድንም ስሙ ከክልሉ ውጭ የተሰማ ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ መስከረም ግን የሕዝብ መድረክ ይሳሳል። አንዱ ምክንያት ክረምት ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የውጭ መድረክ የማይታመን ስለሆነ ጣሪያው የማያፈስ አዳራሽ ያስፈልጋል። ሌላው የምሽት እንቅስቃሴ ነው። በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰና በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የምሽቱ ገበያ፣ ከእርሱም ጋር የአዝማሪ ቤቱ ሕይወት፣ የሚወሰነው በአየሩ ሳይሆን በጸጥታው ነው። ዐዋጁ በ2016 ጊዜው ቢያበቃም የጎብኚውና የምሽት ተመላላሹ ልማድ በአንድ ቀን አልተመለሰም። በዚህ ሁኔታ መድረኩን ወደ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ማምጣት፣ ከዓመታዊ ትልቅ ዝግጅት የተወሰነውን ገንዘብ ለወርኃዊ ትንሽ ዝግጅት ማካፈል ከኪነት ሠራተኞቹም ከነዋሪውም አንጻር ይጠቅማል። የሙስሊሙ በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ይመጣሉ፤ የሕዝብ ሜዳዎች የዓመት መርሐ ግብር ይህን ከወዲሁ ካላስገባ ውድድርና የኢድ ሶላት በአንድ ሜዳ ላይ ይጋጫሉ።

በስፖርቱ ፋሲል ከነማ በ2013 የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን ከተማዋ ደስታዋን ያየችው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነበር፤ ሊጉ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል። ስለ ስታዲየም ብዙ ሲባል የሰፈር ሜዳ ይረሳል። 105 በ68 ሜትር የሆነ የሣር ሜዳ በበጋ በቀን ከ28,000 ሊትር በላይ ይጠጣል፤ በተለመደ ጥገናም በሳምንት ከ6 ሰዓት ብዙ ያለፈ ጨዋታ አይችልም። የሰፈር ሜዳ ግን ከትምህርት ቤት በኋላ በየቀኑ ይረገጣል። እዚያ ሣር መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ውኃ የሚያሳልፍ፣ መሐሉ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ወደ ጎን የሚያፈስ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የአፈር ሜዳና ዙሪያውን ጥላ ዛፍ ይበቃል።

ክፍያው ላይ ያሉ አሳቦች

ሥራ ማስኬጃውን ከየት እናምጣ ሲባል ሦስት መንገድ ይነሣል። የመግቢያ ክፍያ ገቢ ያመጣል፣ መጨናነቅም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አራት ልጅ ይዞ የሚመጣን ወላጅ በር ላይ ይመልሳል። ለጎብኚ ቅርስ ክፍያ መጠየቅና ለነዋሪ የሰፈር መናፈሻ ክፍያ መጠየቅ አንድ ነገር አይደሉም። ሁለተኛው ካፌና የመኪና ማቆሚያ ለተደራጁ ወጣቶች ማከራየት ነው። ይህ በብዙ ቦታ ይሠራል፣ የሚበላሸውም በውሉ ነው። ውሉ ኪራዩን ብቻ ከጻፈ ካፌው ወንበሩን እያሰፋ የሕዝቡን አግዳሚ ወንበር ይውጣል። በውሉ ውስጥ የሚገባው፦ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚይዝ በምልክት የተከለለ ወሰን፣ መጸዳጃ ቤቱ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ለማንኛውም ሰው ክፍት እንደሚሆን፣ የትኛውን መደብ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያጠጣ፣ ሳይፈጽም ቢቀር የሚቀጣው። ሦስተኛው ሥራውን በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ነዋሪዎችን በሥራ በሚደግፈው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎች ማሠራት ነው። ለጽዳትና ለኩትኳቶ ጥሩ ነው፤ ለፓምፕ፣ ለመብራትና ለዛፍ ቀረጣ ግን ሙያ ያለው ቋሚ ሰው ያስፈልጋል። ሦስቱም ቢደመሩ የከተማውን በጀት አይተኩትም፤ ያግዙታል።

የሚጠበቀው

የመጀመሪያው ዓመት ማንንም አያስፈራም፤ ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ የተቋራጩ የዋስትና ጊዜም ገና አላለቀም። በሁለተኛው ዓመት በዋልካ ላይ ያለው ንጣፍ ይናጋል፣ ችግኙም ሁለተኛውን በጋ ይፈተናል። በሦስተኛው የፀሐይ መብራቶቹ ባትሪ መድከም ይጀምራል፤ ተራው የአሲድ ባትሪ በሁለትና ሦስት ዓመት፣ ሊቲየሙ ከአምስት ዓመት በኋላ። በአንድ ዓመት የተተከሉ መብራቶች በአንድ ዓመት ስለሚደክሙ ወጪው ቀስ በቀስ አይመጣም፣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ባትሪ የመግዣ ገንዘብ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ካልተጠራቀመ ያለው አማራጭ ጨለማ መንገድ ወይም እንደገና የካፒታል ልመና ነው።

ነዋሪውም፣ የከተማው ምክር ቤትም ከዓመታዊ ሪፖርት ሊጠይቁ የሚገባቸው ቁጥር ከዚህ ይመነጫል። የተተከለው ስንት ነው ከሚለው ይልቅ በታኅሣሥና በግንቦት ቆሞ የተቆጠረው ስንት ነው። ስንት መብራት ተተከለ ከሚለው ይልቅ በአንድ በተመረጠ ምሽት የበራው ስንት ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት ነበሩ፣ ማጠጫው ውኃ ከየት መጣ፣ ከእርሱ ውስጥ ምን ያህሉ የመጠጥ ውኃ ነበር። እነዚህን ለመቁጠር አዲስ ሥርዓት አያስፈልግም፤ አንድ ባለሙያ፣ አንድ መዝገብና ሁለት የቆጠራ ቀን ይበቃሉ። የግንቦቱ ቆጠራ ከሰኔ 30 በፊት ከቀረበ ለሐምሌ 1 በሚጸድቀው በጀት ላይ ስለ ሥራ ማስኬጃ በቁጥር መነጋገር ይቻላል።